የ1976 ጂኤምሲ ሞተርሆም ወይስ ያገለገለ ፕሬቮ? ክሩ ረዝሟል፣ ቡና ይዛችሁ ግቡ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትራክ መንዳት ልተው ነው። ወገቤም ጉልበቴም በቃህ ካሉኝ ቆይተዋል፣ ልጆቹም ራሳቸውን ችለዋል፣ እኔና ባለቤቴ ደግሞ ይሄን አገር ሠራንበት እንጂ ዞረን አላየነውም፣ እኔ ከዳር ዳር ሳቋርጠው ኖሬ የማውቀው ዌርሃውስ እና ትራክ ስቶፕ ነው። ስለዚህ የሚነዳ ቤት ልንገዛ ነው። ፊቴ ያለው ሁለት ነው። አንዱ 26 ጫማ የሆነ የ1976 ጂኤምሲ ሞተርሆም፣ ያ ፊቱ ሰፊ መስታወት የሆነውና ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ተከታትሎ ያለው። ሌላው በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ባለ45 ጫማ ፕሬቮ ኤች3 ባስ፣ ውስጡ ቤት የሆነ፣ እብነበረድ ወለል ምናምን ያለው። አቋሜ ከወዲሁ ይታወቅ፦ ክላሲክ የሚባለው ነገር ለፎቶ ነው፣ አሮጌ አሮጌ ነው፣ ባሱ ከዋጋው በቀር በሁሉም ይበልጣል። የማይስማማ ይምጣና ያሳምነኝ።

ይሄን ለጥፌ ተኛሁ፣ ስነሳ ቤቱ በመልስ ጦፏል። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች መልሶቹን በራሴ አነጋገር አሰባስቤያቸዋለሁ፣ ቁጥሩ የመልሱ ቁጥር ነው፣ አስተያየቴንም መሀል መሀል ላይ ጣል አድርጌበታለሁ፣ ክሩ የኔ አይደል።

መልስ 1 እና 2፦ እንኳን ደስ ያለህ ባዮች ናቸው። አንደኛው ጋሼ ብሎኝ (ስንት ዓመቴ መስሎት እንደሆነ እንጃ) በጀቴን ጠየቀ። ሁለተኛው ማወዳደሩ ራሱ ልክ አይደለም ባይ ነው፣ አንዱ አዲሱ ከነቤቱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚጠራ፣ ሌላው ደህና ፒክአፕ በሚገዛ ብር የሚገኝ ስለሆነ። እኔ ግን የጻፍኩት ስላገለገለው ነው፣ 20 ዓመት ያለፈው ፕሬቮ ዋጋ ከአዲሱ ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

መልስ 3፦ ወሬው በደንብ የተጀመረው እዚህ ነው። የቨርጂኒያ ሰው ነው፣ ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ሲሠራ የኖረ። ጂኤምሲው መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው እዚያው ደለስ በ1972 ሜይ መጨረሻ ላይ፣ ትራንስፖ 72 በተባለው ትልቅ ኤግዚቢሽን መሆኑን ነገረን። ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። በዚያን ጊዜ ሌላው ሞተርሆም ሁሉ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ሳጥን የተጫነበት ነው ማለት ይቻላል፣ ይሄኛው ግን ከኦልድስሞቢል ቶሮናዶ የተወሰደውን ባለ455 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለት 7.5 ሊትር ሞተር እና ካምቢዮ ፊት ላይ አድርጎ በፊት ጎማ የሚጎተት ሆኖ ተሠራ። ወደ ኋላ የሚሄድ ሻፍት የለም። ሻፍት ስለሌለ ወለሉ ዝቅ ብሎ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ አንዴ እግርህን ታነሳለህ፣ ገብተሃል። ከዚያ ፕሬቮውን ስንት ደረጃ ወጥቼ እንደምገባበት ሄጄ እንድቆጥር አዘዘኝ። ጉልበቴን ያነሳሁት እኔው ስለሆንኩ ምንም ማለት አልቻልኩም።

መልስ 4፦ 3ኛውን ደግፎ ስለ ኋላው ጨመረ። ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ አክስል የለውም፣ ባሌስትራም የለውም። በየጎኑ ያሉት ሁለት ጎማዎች አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ በተዘረጋ ክንድ ተይዘው መሀላቸው አንድ የአየር ከረጢት ተጋድሟል፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ከረጢቱ ይሸከመዋል። ካምፕ ላይ ስትቆምም ከረጢቱን ሞላ ወይ ተንፈስ አድርገህ የኋላውን ታስተካክላለህ፣ እንጨት ፈልጎ ጎማ ሥር መወተፍ የለም። በ70ዎቹ ይሄን ማሰብ ቀላል አይደለም፣ ይሄን እኔም አምናለሁ።

መልስ 5፦ ቁጣ። የአሪዞናው ሰው ድሮ ጂኤምሲ ነበረው፣ ቃላት አልመረጠም። እሱ እንዳለው እዚህ ቤት የሚያወድሰው ሁሉ በጁላይ ሙቀት አቀበት ላይ ቆሞበት አያውቅም። የዛሬ ቤንዚን ኢታኖል አለበት፣ ኢታኖሉ የድሮውን ከጎማ የተሠራ የነዳጅ ቱቦ ይበላዋል፣ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ቤንዚኑ ካርቡራቶር ሳይደርስ ይተንና መኪናው ጸጥ ይላል። ሽታው ቤቱን ሞልቶት ባለቤቱና ልጁ መንገድ ዳር ወርደው የጠበቁበትን ቀን ተረከልን። የፊት ኩሽኔታው በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋል፣ የረሳ ሰው ቸርኬው ሲግል ነው የሚያውቀው። በመጨረሻ ማንን እንደምጠራ ጠየቀኝ፣ የዛሬ መካኒክ ልጅ ካርቡራቶር ስታሳየው ምንድነው ብሎ ፎቶ እንደሚያነሳ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አቋሜ የጸና መስሎኝ ነበር።

መልስ 6፦ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ከአነጋገሩ ጋራዥ የኖረ ይመስላል። 5ኛውን አልካደም፣ ችግሩ የታወቀ ስለሆነ መፍትሔውም የታወቀ ነው ባይ ነው። ሰርባቶዮዎቹን አውርዶ ቱቦውን በሙሉ ኢታኖል በሚችል መቀየር፣ አንድ ጊዜ ነው፣ ተኝቶ የሚሠራ ሥራ ነው እንጂ ውድ ሥራ አይደለም። ኩሽኔታውንም ብዙ ሰው የአንድ ቶን መኪና የፊት እግር አስገብቶ ተገላግሏል። ከ1973 እስከ 1978 ወደ 13 ሺ ገደማ ነው የተሠራው፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ባለቤቶቹ በክበብ የተደራጁ ስለሆኑ ፓርትስ የሚያሠሩት ራሳቸው ናቸው። ከ1977 አጋማሽ ወዲህ የተሠራው ሞተሩ አነስ ያለው ባለ403 ኪዩቢክ ኢንች እንደሆነና የ76ቱ 455 መሆኑ ለኔ ጥሩ ዜና እንደሆነም ጠቆም አደረገኝ።

መልስ 7፦ የኔ ወገን መጣ፣ የሚኒሶታ ኦነር ኦፐሬተር፣ ማለት በራሱ ትራክ የሚሠራ። ታሪክ ይወዳል። ዩጂን ፕሬቮ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበርና የትምህርት ቤት ዕቃ የሚሠራ የኩቤክ አናጺ እንደነበረ፣ በ1924 አንድ ሰው ሪዮ የሚባል የጭነት ሻንሲ ላይ የባስ አካል ሥራልኝ ብሎት ነገሩ እንደተጀመረ፣ ፋብሪካው እስከ ዛሬ እዚያው ሴንት ክሌር ከተማ መሆኑን አጫወተን። ከዚያ ፍሬ ነገሩ፦ ይሄ ባስ የተሠራው ተሳፋሪ ጭኖ ሚሊዮን ማይል እንዲሄድ ነው፣ ቤት ያደረገው ሰው ግን በዓመት ከጥቂት ሺ ማይል በላይ አይነዳውም፣ ስለዚህ 20 ዓመት ሆኖትም ሞተሩ ገና አልደከመም። በዚያ ዘመን የገባበት ሞተር ዲትሮይት ሲሪስ 60 ነው፣ እኛ ፍሬይትላይነር ላይ ስንት ዓመት የኖርንበት። ድምፁን ሰምተህ ምን እንደጎደለው ታውቃለህ አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ አውቃለሁ። የትኛውም ትራክ ሾፕ ይነካዋል።

መልስ 8፦ ይሄን መልስ ሁለቴ አንብቡት። የ7ኛውን ንግግር ግማሹን ብቻ ነው የተቀበለው። ፕሬቮ የሚሠራው ባዶውን ባስ ነው፣ ቤቱን የሚሠራው ሌላ ነው፣ ማራቶን አለ፣ ሊበርቲ አለ፣ ሌላም አለ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሽቦ በራሱ መንገድ ዘርግቶ ነው የሚያስረክበው። ሞተሩን የትም ታሠራለህ፣ ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ፣ የሽንት ቤቱ ፓምፕ እምቢ ሲል፣ ግድግዳው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ስክሪን ሲጠቁር ግን ትራክ ሾፑ አንገቱን ነቅንቆ ይሸኝሃል። የ2002 ስክሪን ቦርዱ ዛሬ አይመረትም፣ ከተበላሸ ተነቅሎ አጠቃላይ ሲስተሙ ይቀየራል። እሱ ራሱ በአንድ ባስ ላይ ከአልጋው ሥር ያለውን ክዳን ከፍቶ ያየውን ጻፈልን፦ ቀለሙ አንድ ዓይነት የሆነ ነጭ ሽቦ በእስር እስር፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ረግፎ፣ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው የሥዕል ደብተር ደግሞ ከሦስተኛው ባለቤት ጋር ጠፍቶ። ቁጥር የሌለው ነጭ ሽቦ አስቡት። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ዝም ያልኩት። በ5ኛው መልስ የቆመው ጂኤምሲ ቢያንስ ለምን እንደቆመ ይታወቃል።

መልስ 9፦ የጎማ ሰው። የጎማው ጥርስ አዲስ መምሰሉ እንዳያታልለኝ፣ እነዚህ መኪኖች ብዙ ስለሚቆሙ ጎማቸው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ማንበብ ነው፣ 2314 ካለ በ2014 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ፕሬቮው ስምንት ጎማ ነው፣ የትራክ ጎማ ዋጋ ደግሞ ለኔ አይነገረኝም። ጂኤምሲው ስድስት ነው፣ ግን የድሮው 16.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ከሆነ ጎማ ስለማይገኝለት ወደ 16 የተቀየረ መሆኑን እንዳይ። አጭር መልስ፣ ቁም ነገሩ ብዙ።

መልስ 10 እስከ 13፦ ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ማድ ቤት ገባ። አንዷ እህት ምጣድ ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀች፣ ሌላው ሂሳብ ሠራላት፦ ካምፕ ላይ ያለው ባለ30 አምፕ መሰኪያ 3,600 ዋት ነው፣ ምጣዱ 1,500 ገደማ፣ አንድ ኤሲም ያንኑ ያህል ይወስዳል፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ በላዩ ላይ የውኃ ማፍያ የሰካ ሰው ጨለማ ውስጥ ይበላል። ባሱ የሚሰካበት ባለ50 አምፕ ላይ ግን ሁለት መስመር ስላለ 12,000 ዋት ነው፣ ሠርግ ደግስ። ይሄ ለባሱ ትልቅ ነጥብ ነው። ግን 12ኛው መልስ ገልበጥ አደረገው፦ እነዚህ ውድ ባሶች አብዛኛዎቹ ጋዝ የላቸውም፣ ሁሉ ነገር በኤሌክትሪክ ነው፣ ምድጃው ኢንዳክሽን ከሆነ ደግሞ የሸክላ ጀበና አያሞቅም፣ ብረት ካልሆነ አያየውም። ጂኤምሲው የጋዝ ምድጃ አለው፣ እሳት እሳት ነው። 13ኛዋ በአልሙኒየም ጀበና ልትገላግለን ሞከረች፣ አልሙኒየምም እንደማይሠራ ሰው ሲነግራት ጭሱ የጭስ ደወሉን ስለሚያስነሳ ቡና ውጭ ነው የሚፈላው ብላ ዘጋችው። ስለ ከሰልና እጣን አደጋም አንድ ሁለት ቃል ተነግሯል፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል የሌለው ቤት ውስጥ ከሰል የሚያስገባ ሰው እኔ ጋ ምክር አይጠይቅ።

መልስ 14፦ ሴት ናት፣ እና ወገቤን ነው የያዘችኝ። እስካሁን የጻፈው ሁሉ ስለ ሞተርና ስለ ጎማ እንደሆነ፣ ባለቤቴ ምን እንደምትፈልግ አንድም ሰው እንዳልጠየቀ፣ እኔም እንዳልጻፍኩ። በብዙ 26 ጫማ ጂኤምሲ ውስጥ ቀን ሶፋ የሆነው ማታ አልጋ ይሆናል፣ ጠዋት ይታጠፋል፣ ማን እንደሚያጥፈው ታውቃላችሁ አለች። መታጠቢያው ውስጥ ክርን ማንሳት ከባድ ነው። ባሱ ላይ መኝታ ቤቱ በር አለው፣ የተኮራረፉ ባልና ሚስት በር ያስፈልጋቸዋል። ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ ሳቀችና ይህቺ ሴት የት ነው ያለችው አለችኝ።

መልስ 15 እስከ 18፦ መንገድ። 15ኛው ጂኤምሲው ትንሽ ስለሆነ ሞንታና ያለው ግሌሸር ፓርክ ላይ ጎይንግ ቱ ዘ ሰን የሚባለውን የተራራ መንገድ ያለ ችግር ያልፋል ብሎ ገባ። 16ኛው ወዲያው አረመው፣ እዚያ ከፍተኛው ክፍል ላይ ከ21 ጫማ የረዘመ አይፈቀድም፣ 26ቱ ይቅርና ትንሹ ባለ23ም አያልፍም። ጥሩ እርማት ነው፣ አነጋገሩ ግን ትንሽ የአስተማሪ ነበር። 17ኛው ወደ ቨርጂኒያ መለሰን፣ ሸናንዶዋ ፓርክ ላይ ስካይላይን ድራይቭ የሚነዳ ሰው ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፣ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፣ ፕሬቮው ለዚያ በጣም የቀረበ ስለሆነ ጣራው ላይ አንቴና ወይ ኤሲ ያለው ሰው በሜትር ለክቶ ይውጣ። 18ኛው ካሊፎርኒያ ከ40 ጫማ በላይ ለሆነ ሞተርሆም የንግድ ያልሆነ ክላስ ቢ መንጃ እንደምትጠይቅ አስታወሰ። እኔ ሲዲኤል፣ ማለት የንግድ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ባለቤቴ ግን ልታግዘኝ ካሰበች የኛ ስቴት ምን እንደሚጠይቅ ሳናጣራ ባሱን አትነዳም ማለት ነው። ይሄ አልታየኝም ነበር።

መልስ 19 እስከ 22፦ ጭቅጭቅ። አንዱ አገር ቤት ሰው በችግር ላይ እያለ ስለ እብነበረድ ወለል ማውራት ነውር ነው ብሎ ገባ። 20ኛው ሰውየው ወገቡ እስኪጎብጥ ሠርቶ ያመጣውን ነው፣ ያንተን ኪስ አልነካ፣ ምን አገባህ በሚል መንፈስ መለሰለት፣ የተጠቀመበት ቃል ግን ከዚህ ይከፋል። 21ኛው ሁለቱንም ሰደበ። አወያዩ ገብቶ ሁለት መልስ አጠፋ፣ እኔም አልመልስም፣ ለቤተሰብ የምልከውን እዚህ አልዘረዝርም።

መልስ 23 እና 24፦ የዋህ ነገር፣ ጂኤምሲውን በመርከብ ጭኖ አዲስ አበባ ወስዶ አገር መዞር አይቻልም ወይ። 24ኛው አጭር መለሰ፦ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ተከልክሏል፣ ከዚያም በፊት ቢሆን ያረጀ መኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ ከመኪናው ዋጋ በላይ ነበር። ከዚህ ተነስቶ አንዱ ስለ አባቱ የጭነት መኪና፣ ስለ ፊያት ኤንትሬው ጻፈ፣ አባይ በረሃ ላይ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን አውርደው ሠርተው ስለሄዱበት ሌሊት። ረጅም ነው፣ ከርዕሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ከክሩ ሁሉ የተሻለው ጽሑፍ ግን እሱ ነው፣ ግቡና አንብቡት።

መልስ 25፦ ሂሳብ የሚወድ ሰው። በዓመት 10 ሺ ማይል ብንነዳ፣ ጂኤምሲው በጋሎን 9 ማይል ቢሰጥ ወደ 1,110 ጋሎን ቤንዚን፣ ባሱ 6 ቢሰጥ ወደ 1,670 ጋሎን ዲዝል። ልዩነቱ ያማል ግን ሰው አይገድልም፣ የሚገድለው ማቆሚያው ነው። የሰፈር ማኅበር ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ 45 ጫማ ባስ ማቆም አይታሰብም፣ ስለዚህ በወር በወር ስቶሬጅ። ከዚያ ላይ በየከተማው ለመንቀሳቀስ ከኋላ ትንሽ መኪና መጎተት። በጁላይ ለሐበሻው የኳስ ፌስቲቫል በባስ የመጣ ሰው ስታዲየሙ አጠገብ የት እንደሚያቆም ይንገረኝ ሲል ጠየቀ፣ እስካሁን የመለሰለት የለም። ጂኤምሲው ተከታትለው ያሉ ሁለት ፓርኪንግ ካገኘ ይበቃዋል።

መልስ 26፦ 5ኛው ሰውዬ ተመለሰ፣ አሁን በርዶለታል። ሽንፈት አይደለም፣ ግን ጂኤምሲውን ለምን እንደሸጠ ሲናገር ጋራዥ ስለሌለው ዝናብና ፀሐይ ላይ ስለሚያቆመው እንደነበረ፣ የሚጠለልበት ቢኖር ዛሬም በእጁ እንደሚሆን ጻፈ። ለ6ኛውም ምስጋና አቀረበ። አንዳንዴ ሰው እንዲህ ነው።

መልስ 27፦ ለማየት ስሄድ ምን እንዳደርግ ነገረኝ። ባሱን ከሆነ ሻጩ ከዋዜማው ጀምሮ እንዳያስነሳው፣ ስደርስ በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ካገኘሁት አየር ያፈሳል። ጂኤምሲውን ከሆነ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ማስነሳት፣ ከዚያ ነድቶ አሙቆ አጥፍቶ ሩብ ሰዓት ቆይቶ እንደገና መሞከር፣ የቤንዚኑ ነገር ያኔ ነው የሚታየው። እኔ የምጨምረው የ8ኛውን ነው፣ የባሱ የሽቦ ሥዕል ደብተር ከሌለ ገንዘቤን ኪሴ አድርጌ እመለሳለሁ።

ስለዚህ አቋሜ ሰኞ መጀመሪያ ከለጠፍኩት ጋር አንድ አይደለም። ባሱ ምቾት አለው፣ በር አለው፣ ሞተሩን አውቀዋለሁ፣ ደብተሩ ካለ እስካሁን ወደሱ ነኝ። ደብተሩ ከሌለ ግን ቱቦ ለመቀየር ከጂኤምሲው ሥር መተኛት ይሻለኛል፣ ስንት ዓመት ትራክ ሥር ተኝቻለሁ። ባለቤቴ ሁለቱንም ገብታ ሳታይ የሚፈረም ወረቀት የለም፣ 14ኛዋ ትስማ። ሁለቱም ሻጮች ቅዳሜ ይጠብቁናል፣ ዳላስ አካባቢ ያለና ከኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው አብሮን ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ምሳ በኔ ነው፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የኢንሹራንሱን ጥያቄ ግን በሌላ ክር አድርጉት፣ ይሄኛው ሞልቷል።